ነጋዴ ሳሙራይ የለም ያላችሁት ጉዳይ ይታረምልን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ላይ ቡና አቅራቢ ነኝ፣ ከስልክና ከሚዛን ውጪ ብዙም የምነካው ነገር የለም፣ ጋዜጣ ላይ መጻፍም ልማዴ አይደለም፣ ግን በወጣቶች ገጻችሁ ላይ ስለ ምናብ ጌሞች የወጣውን ጽሁፍ ካነበብኩ ወዲህ ዝም ማለት አቃተኝ። ልጆቻችን ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ተራኪ ሆኖ ሌሎቹ ገጸ ባህሪ ይዘው የሚጫወቱትን ጌም ማለቴ ነው። ጸሀፊው (ስሙን አላነሳም፣ ጠቤ ከሱ ጋር አይደለም) ሮኩጋን የሚባለውን የፈጠራ ዓለም አነሳና እዛ ውስጥ ማንቲስ የሚባል በመርከብ የሚነግድ የሳሙራይ (የድሮ ጃፓን ባላባት ተዋጊ ማለት ነው) ጎሳ መኖሩን መሳቂያ አደረገው። ባጭሩ የሚለው፣ ሳሙራይ ገንዘብ አይነካም፣ ባህርም አያውቅም፣ ስለዚህ ቅመምና ሀር ጭኖ የሚዞር ሳሙራይ የደራሲ ስንፍና ነው። ቀጥሎ ደግሞ የኢትዮጵያ ልጅ ባህር የሌለው አገር ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ባህር ነጋዴ መጫወቱ ምን ይረባዋል ብሎ መከረን። ምክሩን ትቼዋለሁ፣ አስተያየት ነው፣ የመጀመሪያው ግን ስለ ታሪክ የተነገረ ነገር ነው፣ እሱም ስህተት ነው፣ ስለዚህ እርማት ይገባዋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ለማያውቀው አንባቢ ጎሳው ምን እንደሆነ ልናገር፣ ጽሁፋችሁ ላይ አልተነገረማ። ሮኩጋን ጃፓንን የሚመስል፣ ግን ጃፓን ያልሆነ ዓለም ነው፣ ከ1995 ጀምሮ በካርታ ጌም፣ በኋላ ደግሞ ተረክ እየተረኩ በሚጫወቱት ጌም የተሰራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩብኝ)። ንጉሠ ነገሥት አለ፣ ከስሩ ታላላቅ ጎሳዎች አሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሙያና ኩራት አለው፣ አንዱ ግንብ ይጠብቃል፣ አንዱ ቤተ መንግስት ውስጥ ቅኔና ሽንገላ ይችላል፣ ሌላው ጎራዴ። ማንቲስ መጀመሪያ ላይ ከትንንሾቹ ጎሳዎች አንዱ ነበር። የቅድመ አያታቸው ነገር ከክራብ ጎሳ ይነሳል፣ ውርሱን ያጣ ልጅ ወደ ደሴቶቹ ሄደ ነው ታሪኩ፣ ደሴቶቹም የሀርና የቅመም ደሴቶች ይባላሉ። መሬት ላይ ያሉት ታላላቆቹ ገንዘብ መቁጠር ለሳሙራይ ነውር ነው ብለው ሲጠየፉ እነዚህ ግን መርከብ ሰርተው፣ ማዕበል ለምደው፣ ጭነት ጭነው ሀብታም ሆኑ። የሚዋጉበት እንኳን ካማ የሚባል ማጭድ ነው፣ ገበሬ እህል የሚያጭድበት ዓይነት፣ እሱም ያሰድባቸዋል። በመጀመሪያው የጌሙ ታሪክ ዮሪቶሞ የሚባል መሪያቸው በጎሳዎቹ ጦርነት ጊዜ ትንንሾቹን ሁሉ ሰብስቦ ህብረት ፈጠረና ከጦርነቱ በኋላ ማንቲስ ከታላላቆቹ ተራ ገባ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ የጎሳው ታሪክ ሙሉ በሙሉ የቆመው ጸሀፊያችሁ በሳቀበት ነገር ላይ ነው። ሌሎቹ ጎሳዎች እነዚህን «ምን ዓይነት ሳሙራይ ናቸው» እያሉ ይንቋቸዋል፣ እህል ሲያጥራቸው ግን በነሱ መርከብ ያስመጣሉ። ደራሲዎቹ ሳያውቁ የሰሩት ስህተት አይደለም፣ ሆን ብለው ያስቀመጡት ጸብ ነው። ጸሀፊያችሁ ጌሙ ውስጥ ካሉት ኩሩ ጎሳዎች ጋር አንድ ላይ ቆሞ ነው የሳቀው፣ እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጃፓን እንሂድ። ሳሙራይ ባህር አያውቅም ለሚለው መልሱ ሙራካሚ የሚባለው ወገን ነው። በጃፓን ዋና ደሴትና ሺኮኩ በምትባለው ደሴት መሃል ሴቶ የሚባል የውስጥ ባህር አለ፣ ደሴቶች የተበተኑበት፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ የውሃው ፍሰትም በቀን ውስጥ አቅጣጫ የሚቀያይር። እዛ ላይ ሶስት የሙራካሚ ቤቶች ነበሩ፣ የኖሺማ፣ የኩሩሺማና የኢንኖሺማ። ኖሺማ ማለት ዙሪያዋ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳን የማትሞላ ደሴት ናት፣ ሙሉዋን ምሽግ አድርገዋት ነበር፣ ዙሪያዋን የሚፈሰው ውሃ ደግሞ በጣም ሀይለኛ ስለሆነ ቦታውን የማያውቅ መርከበኛ ዝም ብሎ ሊጠጋት አይችልም። እነዚህ ሰዎች የሚያልፈውን መርከብ ቀረጥ ያስከፍላሉ፣ የከፈለ ባንዲራ ይሰጠዋል፣ ባንዲራው ላይ ከስማቸው የተወሰደ ፊደል ተጽፎበታል፣ አንዳንዴም መንገድ የሚመራ ሰው ከራሳቸው ወገን መርከቡ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ያንን ባንዲራ የሰቀለን መርከብ በነሱ ውሃ ላይ ማንም አይነካውም። ያልከፈለ ደግሞ ያው ነው፣ አወቀውም አላወቀውም ይዘረፋል። ሉዊስ ፍሮይስ የሚባል ፖርቹጋላዊ ሚስዮናዊ በ1586 በዛ ሲያልፉ የኖሺማውን ጌታ በጃፓን ካሉት የባህር ወንበዴዎች ትልቁ ብሎ ጽፎታል፣ ጽፎም ዝም አላሉም፣ ሚስዮናውያኑ ራሳቸው ባንዲራውን ለምነው ተቀበሉ። ወንበዴ ብሎ ሰድቦ ከወንበዴው የይለፍ ባንዲራ መቀበል፣ እንግዲህ ንግድ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ወንበዴ ብቻ ነበሩ ወይ? አይደሉም። በ1555 በኢፁኩሺማ ጦርነት ሞሪ የሚባለው ጌታ ሲያሸንፍ ከሱ ጦር ጋር በመርከባቸው አሉበት፣ በ1576 ደግሞ ጃፓንን እያስገበረ የነበረው ኦዳ ኖቡናጋ ኦሳካ ያለውን ትልቅ የቡድሂስት ገዳም ከቦ ሲያስርብ በሩዝ የተጫነ የሞሪ መርከብ ይዘው መጥተው፣ የሚፈነዳ ተቀጣጣይ እየወረወሩ የኦዳን መርከቦች አቃጥለው ለተከበበው ሰው እህሉን አደረሱለት። ኦዳ ተናደደ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1578 ኩኪ ዮሺታካ የሚባል የሱ የባህር አዛዥ ብረት የለበሱ የተባሉ ትልልቅ መርከቦችን ይዞ መጣና በተራቸው ተሸነፉ። ሲያበቃም በጦርነት አይደለም ያበቃው፣ በአዋጅ ነው፣ ከኦዳ በኋላ ጃፓንን የገዛው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1588 ከገበሬው ጎራዴ ሲሰበስብ በዛው ዓመት የባህር ዝርፊያንና እንዲህ ያለ የግል ቀረጥን ከለከለ፣ በቃ። ሩዝ ጭኖ፣ ጦር ይዞ፣ ቀረጥ ሰብስቦ የኖረን ቤት ሳሙራይ አይደለም ካላችሁ ከታሪክ ጸሀፊዎች ጋር ተጣሉ፣ ከኔ ጋር አይደለም።

ሌላም አለ፣ በፍጥነት ልለፈው። ሂራዶ የምትባለው የወደብ ደሴት ጌቶች ማትሱራዎች ከ1550 ጀምሮ ፖርቹጋሎች ወደባቸው እንዲመጡ ያደረጉ ናቸው፣ በ1609 ደቾቹ፣ በ1613 እንግሊዞቹ እዛው ሱቅ ከፈቱ፣ እንግሊዞቹ አላዋጣቸውም ብለው በ1623 ጥለው ወጡ፣ ደቾቹ ደግሞ በ1641 ወደ ናጋሳኪ ዴጂማ እንዲሄዱ ተደረጉ፣ ያን ጊዜ ሂራዶ ቀዘቀዘች። ከ1604 እስከ 1635 ድረስ ደግሞ መንግስት ቀይ ማህተም ያለበት ፈቃድ እየሰጠ የጃፓን መርከቦች እስከ ቬትናምና ታይላንድ ድረስ ይነግዱ ነበር፣ ፈቃዱን ካገኙት መሃል ነጋዴም ነበር ሳሙራይ ጌታም ነበር።

የፁሺማ ነገር ግን በፍጥነት አይታለፍም፣ ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ እሱ ነው። ፁሺማ በጃፓንና በኮሪያ መሃል ያለች ተራራና ጫካ የሆነች ደሴት ናት፣ ሩዝ የሚበቅልባት መሬት የለም ማለት ይቻላል። በዛን ጊዜ ደግሞ የሳሙራይ ክብር የሚለካው በኮኩ ነው፣ አንድ ኮኩ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ይበላዋል ተብሎ የሚሰላ ሩዝ ነው፣ ወደ 150 ኪሎ። ሶ የሚባሉት የፁሺማ ጌቶች እንግዲህ ሩዝ ስለሌላቸው ከኮሪያ ጋር በመነገድ ብቻ ነው የኖሩት። ሂዴዮሺ ኮሪያን ወርሮ ሁሉንም ነገር ካበላሸ በኋላ ንግዱ እንዲመለስ ሁለቱን መንግስታት ማስታረቅ ነበረባቸው፣ ግን ሁለቱም ኩሩ፣ ሁለቱም አንተ ቅደም የሚሉ። ሶዎች ምን አደረጉ፣ በመሃል ቁጭ ብለው የመንግስታቱን ደብዳቤ ራሳቸው ፎርጅድ ሰሩ! ከዚህ ወዲያም ከዛ ወዲህም የሚሄደውን እየቀየሩ ሁለቱም የተከበሩ እንዲመስላቸው አደረጉና በ1609 ስምምነት ተፈረመ። ነገሩ ተጋልጦ በ1635 ለፍርድ ሲቀርብ ቅጣት ይወርዳል ብሎ ሰው ሁሉ ጠበቀ፣ ያጋለጠው የራሳቸው ሎሌ ተጋዘ፣ ሶዎች ግን በቦታቸው ቀሩ፣ ምክንያቱም ከነሱ በቀር ያንን ንግድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይሄን ለደላላ ጓደኞቼ ስነግራቸው የሳቁት ሳቅ እስካሁን አልወጣልኝም።

ሳሙራይ ገንዘብ አይነካም የሚለው ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ጋ እንጀራዬ ነውና። እውነት ነው፣ ከሂዴዮሺ በኋላ ጃፓንን በገዙት በቶኩጋዋዎች ዘመን ሰው በደረጃ ይቀመጥ ነበር፣ ላይ ሳሙራይ፣ ቀጥሎ ገበሬ፣ ቀጥሎ የእጅ ሙያተኛ፣ ከሁሉ ታች ነጋዴ። ወረቀት ላይ። ደሞዙ ግን ሩዝ ነው፣ ሩዝ ደግሞ ጎራዴ አይገዛም፣ ልብስ አይገዛም፣ የልጅ ሰርግ አይደግስም፣ ስለዚህ መሸጥ አለበት፣ የሚሸጠው ኦሳካ ነው፣ የሚሸጥለት ያ ታች የተቀመጠው ነጋዴ ነው። ኦሳካ ዶጂማ ላይ ሩዙ መጋዘን ገብቶ በመጋዘኑ ደረሰኝ ይሻሻጡ ነበር፣ ገና ያልደረሰውን ሩዝ ጭምር፣ መንግስትም በ1730 ገበያውን በይፋ አጸደቀው። እኛ የምርት ገበያ በ2008 ሲቋቋም ቡናችንን መጋዘን አስገብተን በደረሰኝ ሽጡ ስንባል እዚህ ጅማ ላይ ስንት ሰው ይሄ የፈረንጅ አዲስ ነገር ነው ብሎ እንደተነጫነጨ አስታውሳለሁ፣ ሳሙራዮቹ ግን ከኛ ከ270 ዓመት በላይ ቀድመው በዛው ወረፋ ላይ ቆመዋል። በኋላማ ጌቶቹ የሚቀጥለውን ዓመት ሩዝ አስይዘው ከነጋዴ እየተበደሩ እዳ ውስጥ ሰመጡ። በ1705 ዮዶያ የሚባል የኦሳካ ባለጸጋ ቤት ንብረቱ በሙሉ ተወረሰ፣ ምክንያቱ ከደረጃው በላይ ኖረ ተብሎ ነው፣ ደግሞ ስንት ጌታ የሱ ባለዕዳ ነበር፣ ንብረቱ ሲወረስ የማን እዳ እንደተሰረዘ እናንተው አስሉት። ሚትሱቢሺ የሚለውን የመኪና ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የጀመረው ኢዋሳኪ ያታሮ በ1870 ነው፣ ቶሳ ከሚባል አገር፣ ቤተሰቡ የሳሙራይ ማዕረጉን ሸጦ የደኸየ ነበር፣ የጀመረውም በምን መሰላችሁ፣ በመርከብ ጭነት።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ባህር የሌለው ሰው ስለ ባህር ነጋዴ ምን ይረባዋል ለተባለው፣ እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ረስታችሁት ካልሆነ በስተቀር ጅማ የነጋዴ መንግስት ነበረች እኮ። አባ ጅፋር ዳግማዊ ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ቤተ መንግስታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከታች ሂርማታ ነበር፣ ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ ከተማችን በሰው ስትጨናነቅ የምታዩት የዛ ገበያ ልጅ ነው። አፍቃላ የሚባለው የአካባቢው ነጋዴ፣ ጀበርቲው፣ ከሰሜን የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከዛ ወዲህ አሞሌ ጨው፣ አሞሌው ከመነሻው እየራቀ በመጣ ቁጥር እየተወደደ። ከጎናችን ሊሙ ላይ ደግሞ አባ ባጊቦ (ከ1825 እስከ 1861 የገዙት) ከሰሜን የመጣውን ነጋዴ ሳቃ ገበያ ላይ አስቁመው ከዛ ወዲያ ወደ ከፋ እንዳያልፍ ይከለክሉ ነበር፣ እቃው ራሱ ወደ ሳቃ ይመጣል፣ እናንተ ግን አታልፉም፣ ትርፉ እዚህ ይቀራል ነው ነገሩ። የድንበሩ በር ላይ ጠባቂ ቆሞ ቀረጥ ይቀበላል። ከሙራካሚ የሚለየው ውሃ አለመኖሩ ነው፣ መርከብ ሳይሆን በቅሎ።

ምኒልክ ሲመጡስ? አባ ጅፋር ሂሳብ የሚያውቁ ንጉስ ነበሩ፣ ተዋግቶ ገበያ ከማቃጠል ግብር ከፍሎ ገበያ ማቆየት ይሻላል ብለው ገበሩ፣ የራሳቸውን አገር ራሳቸው እያስተዳደሩ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከፋ ተዋጋ፣ በ1897 ተሸነፈና ብዙ ጠፋ፣ የዛ ዘመቻ ላይ ደግሞ የአባ ጅፋር ጦር አለበት፣ ይሄንንም መደበቅ አያስፈልግም። ፈሪ ናቸው የሚል ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አላገኘሁም። ከውጪ ግን እሰማለሁ፣ ነጋዴ ስለሆኑ ነው የገበሩት ይባላል፣ ልክ ሮኩጋን ውስጥ ክሬንና ሊዮን የሚባሉት ታላላቅ ጎሳዎች ስለ ማንቲስ እንደሚሉት።

አሁን ስለ ልጆቹ ትንሽ ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር መጋዘኔ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው፣ መሃል ላይ የተገለበጠ ሳጥን። ጌሙ አስር ፊት ያለው ዳይስ ይፈልጋል፣ እዚህ ከተማ የት ይገኛል፣ ስለዚህ ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ጠቅልለው ሲኒ ውስጥ ከተው እየነቀነቁ ያወጣሉ፣ ሲኒውን የእህቴ ስለሆነ ከሰበራችሁት ወዮላችሁ ብያለሁ። አንድ ማታ ሂሳብ እየሰራሁ በሩ ክፍት ስለነበር ሰማኋቸው። የማንቲስ መርከብ ይዘው ጠባብ መተላለፊያ ጋ ደርሰዋል፣ ተራኪው ልጅ የሙራካሚን ነገር አንብቦ ኖሮ መተላለፊያውን የያዙ ጌቶች ባንዲራ ግዙ አሏቸው ይላል። አንዱ ጎረምሳ በሌሊት መብራት አጥፍተን እንለፍ፣ ከያዙን እንዋጋ አለ። ሌላኛው፣ አባቱ ሊሙ ገነት ቡና ሰብሳቢ ነው፣ ዝም ብሎ ቆየና «ባንዲራው ስንት ነው?» አለ። ተራኪው ዋጋ ነገረው። «ለአንድ ጉዞ ነው ለዓመት?» አለ። ተራኪው ያላሰበበት ነገር ነው መሰለኝ ተንተባተበና ለዓመት አለው። «እንግዲያው የዓመት እንግዛ፣ ከኋላችን የሚመጡትን ትንንሽ ጀልባዎች በኛ ባንዲራ ስር እያስከተልን እናሳልፋቸው፣ ግማሽ ዋጋ እናስከፍል» አለ። ተራኪው ይሄ አይፈቀድም አለ፣ ልጁ የት ተጽፏል አለ፣ ደብተር ተገላበጠ፣ አልተጻፈም። ከዛ ያ መዋጋት የፈለገው ጎረምሳ ራሱ ገባበትና ገቢውን ለመተላለፊያው ጌቶች እናካፍላቸው፣ አለዚያ ሲሰሙ ያርዱናል አለ። ድርድሩ ሲኒ ሳይነቀነቅ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ እኔም ሂሳቤን ትቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ ተጣሉም፣ ተስማሙም፣ አንድ መርከብ ተቃጠለባቸው፣ ሂሳቡ ግን በትርፍ ተዘጋ።

እንግዲህ ይሄን ነው ጊዜ ማጥፋት ያላችሁት። ልጁ ብዙ ነጋዴ ዕድሜውን ጨርሶ የማይማረውን ነገር፣ ጉልበት ካለው ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ሳይሰግዱለትም ሳይጋጩትም፣ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያሰላው አይቻለሁ። ጸሀፊያችሁ ስለ ጀግና የኛ አገር ልጅ ይጫወት ብሏል፣ መልካም፣ ግን ጀግና ሁልጊዜ ጎራዴ መዛዥ ከሆነ አባ ጅፋርን የት ልናስቀምጣቸው ነው?

ጌሙን ላወድስ ብቻ አልተነሳሁም ደግሞ። የሚያበሳጨኝም አለው። የማንቲስን ነገር ሳነብ መርከቡ አለ፣ ማዕበሉ አለ፣ ካፒቴኑ ደረቱን ነፍቶ አለ፣ ሂሳቡ ግን የለም። ማን ነው የቀዘፈው? ቅመሙን ማን ለቀመው? በርበሬ በራሱ እግር መርከብ ላይ አይወጣም። እውነተኛው ታሪክ ላይ ይሄ ነገር አስቀያሚ ገጽ አለው፣ የዛን ዘመን የባህር ወራሪዎች ከኮሪያና ከቻይና ዳርቻ ሰው ይዘው ይሸጡ ነበር። እኛም ብንሆን ከጅማ በወጣው ጭነት ላይ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰው ነበረበት፣ በባርነት የሚሸጥ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ፣ ይሄንን ሳይናገሩ ስለ ገበያችን ትልቅነት ብቻ መዘመር ውሸት ነው። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንድ ማታ ተራኪው መርከቡ ላይ የታሰሩ ሰዎች አሉ ብሎ ጨዋታው ውስጥ አስገባው፣ የዛን ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨቃጨቁ ነው ያደሩት፣ ሀብቱን ያመጣላቸው ጭነት እሱ ሆኖ ሲያገኙት ጸጥ ያሉትን ልጆች ብታዩ ምናብ ብቻ ነው አትሉም ነበር። ደራሲዎቹ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ደፍረው ቢገቡ ጎሳው ይበልጥ ሰው ይሆን ነበር፣ አሁን ባለው ሁኔታ ማዕበሉ የሂሳቡን ቦታ ይዞበታል።

አንድ ነገር ደግሞ በጎን፣ ጃፓንን ለማድነቅ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ልዑካን መርተው ጃፓን ድረስ ሄደዋል፣ በዛው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግስታችንም ከጃፓኑ የ1889 ሕገ መንግስት ብዙ ነገር ወስዷል። በዛን ጊዜ ጃፓንን እንምሰል የሚሉ ምሁራን ነበሩ። ታዲያ የዛን ጊዜ ሰዎች ከጃፓን የፈለጉት ጎራዴውን ብቻ አልነበረም፣ ፋብሪካውን፣ መርከቡን፣ ንግዱን ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ከዛ በፊት ጃፓንን እያነሱ ተናግረዋል፣ የሳቸው ማዕረግ ራሱ ነጋድራስ ነው፣ የነጋዴ አለቃ፣ ድሬዳዋ ላይ ጉምሩክ ሲመሩ። እና እሳቸውን የሚያህል ሰው ቀረጥ እየሰበሰበ ስለ አገር ካሰበ፣ ሳሙራይ ሂሳብ ቢይዝ ምን ያስቃል?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሶስት መስመር የምትሞላ እርማት ናት። ሳሙራዮች ባህር አያውቁም የተባለው ልክ አይደለም፣ ሙራካሚና ሶ ነበሩ፣ ማትሱራ ነበሩ ብላችሁ በዛው የወጣቶች ገጽ ላይ አውጡልን፣ ውስጥ ገጽ ላይ በደቃቃ ፊደል ቀብራችሁ እንዳይሆን። ጸሀፊው በንግድ ላይ ያለውን ንቀት ማረም የሱ ጉዳይ ነው። ጅማ ከመጣ ደግሞ ልጆቹ አንድ ገጸ ባህሪ ሊሰጡት ፈቃደኛ ናቸው፣ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ያ የሊሙ ገነቱ ልጅ ግን ቅድሚያ የመርከብ ቦታ ኪራይ ይክፈል ብሏል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ቡና አቅራቢ፣ ከጅማ